ለአካል ጉዳት ካሳ ጠበቃ መያዝ፤ በእርቅ ሰነድ ላይ ከመፈረም በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በከተማም ሆነ በገጠር መንገድ ላይ የተሽከርካሪ አደጋ ሲደርስ፣ የትራፊክ ፖሊስ ምርመራውን ሳይጨርስ ሌላ ሂደት ይጀመራል። የአሽከርካሪው ወይም የባለንብረቱ ወገኖች ሽማግሌ ይልካሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ለቅሶ ቤት ይመጣሉ፤ አደጋው ታስቦ የተፈጸመ አለመሆኑን ያስረዳሉ፤ ለሕክምና ወይም ለቀብር ማስፈጸሚያ የሚሆን ገንዘብም ያቀርባሉ። ይህ ነባር ሥርዓት ቂም እንዳይቋጠር፣ ሁለት ወገኖች ደም እንዳይቃቡ የሚያደርግ ትልቅ የኅብረተሰብ ሀብት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ከይቅርታው ጋር አብሮ የሚቀርበው ወረቀት ነው።

በአብዛኞቹ የእርቅ ሰነዶች መጨረሻ ላይ «ተገቢውን ካሳ ስለተቀበልኩ ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር የምጠይቀው ነገር የለም» የሚል ይዘት ያለው ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ተጎጂው ወይም ሐዘንተኛው ቤተሰብ ይህን የሚፈርመው ይቅርታውን ለመግለጽ ነው፤ ሕጉ ግን ከዚያ በላይ አድርጎ ያነበዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3312፣ ተዋዋዮች ክርክራቸውን ለመጨረስ ያደረጉት የግልግል ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ የሚቆጠር መሆኑን ይደነግጋል። ፈራሚው ማታለል ወይም ማስገደድ እንደተፈጸመበት ካላስረዳ በስተቀር ሰነዱን ማፍረስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ለአካል ጉዳት ካሳ ጠበቃ የሚፈለገው ፍርድ ቤት የሚኬድበት ቀን ሲቃረብ ሳይሆን ከዚህ ፊርማ በፊት ነው። ክስ ለመመሥረት ያላሰበ ሰው እንኳ ሰነዱን ለአንድ ጠበቃ አሳይቶ ለአንድ ሰዓት ምክር መክፈሉ ኪሳራ አይሆንበትም።

የልዩነቱን መጠን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ35 ዓመት አርሶ አደር ከገበያ ሲመለስ በጭነት መኪና ተገጭቶ አንድ እግሩን አጣ እንበል። ሽማግሌዎች 50 ሺህ ብር አስከፈሉለት። ገንዘቡ ሆስፒታል ተኝቶ ላለ ሰው ብዙ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ከዚህ በኋላ በሬ ጠምዶ ማረስ አይችልም፤ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል ወይም አራሽ ይቀጥራል፤ ሰው ሠራሽ እግር ያስፈልገዋል፤ እርሱም በየጊዜው ይቀየራል። ይህ ሁሉ እስከ እርጅናው ይቀጥላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2091 ያስቀመጠው መርሕ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ነው፤ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳትም ጊዜው እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንደሚካስ አንቀጽ 2092 ያመለክታል። 50 ሺህ ብሩ ከዚህ ስሌት አንጻር የት ላይ እንደሚወድቅ ሳያውቁ መፈረም፣ ዋጋውን ሳይጠይቁ በሬ እንደመሸጥ ነው።

ብዙዎች «አሽከርካሪው ድሃ ነው፤ ከሱ ምን ይገኛል?» በማለት ገና ከጅምሩ መብታቸውን ይተዋሉ። ሕጉ ግን የሚመለከተው አሽከርካሪውን ብቻ አይደለም። በአንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ወይም የመኪና መሣሪያ ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ንብረቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ተሽከርካሪውን ያንቀሳቀሰው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። «መሣሪያ» የሚለው ቃል ለአርሶ አደሩ ትልቅ ትርጉም አለው። በመኸር ወቅት የሚከራየው ኮምባይነር፣ የእህል መውቂያው፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩና የወፍጮ ቤቱ ማሽን እጅ ወይም ጣት ሲቆርጡ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። የቤት እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳትም ባለቤቱ ኃላፊ የሚሆንበት ሥርዓት በዚያው ሕግ ተቀምጧል።

ይህ ማለት ግን የተጎዳ ሁሉ ሙሉ ካሳ ያገኛል ማለት አይደለም። ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው በዚያ ልክ ይቀንሳል። በጭነት ላይ ተጭኖ የሄደ ሰው ይህ ክርክር ይነሳበታል። ከዚህም በተጨማሪ በእግሩ ሲሄድ የተገጨ ሰው፣ ከፍሎ የተሳፈረ መንገደኛ እና በነጻ «ጫነኝ» ብሎ የተሳፈረ ሰው ጥያቄያቸው የሚመሠረትበት ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም። በነጻ የተሳፈረ ሰው በመርሕ ደረጃ የአሽከርካሪውን ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ተጎጂው እንዴት እንደተሳፈረ ለጠበቃው እውነቱን መናገር ያለበት ለዚህ ነው። ከራስ ጠበቃ የተደበቀ ነገር በተከሳሽ ጠበቃ አፍ በችሎት ይወጣል።

የመድን ጉዳይ ሌላው ብዙ ስሕተት የሚፈጸምበት ቦታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የ3ኛ ወገን የመድን ሽፋን ሳይኖረው በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ሽፋን ያለው መሆኑን የሚያሳየው ምልክትም በመስተዋቱ ላይ ይለጠፋል። አዋጁ ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር፤ መጠኑ በደንብ ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ አደጋው በደረሰበት ቀን ሥራ ላይ የነበረውን መጠየቅ ይገባል። ዋናው ቁም ነገር ግን ጣሪያው የመድን ሰጪው ጣሪያ እንጂ የባለንብረቱ ጣሪያ አለመሆኑ ነው። የደረሰው ጉዳት ከመድን ሽፋኑ በላይ ከሆነ ቀሪውን ከተሽከርካሪው ባለቤት መጠየቅ ይቻላል።

ስሕተቱ የሚመጣው መድን ሰጪው ክፍያውን ሲፈጽም በሚያስፈርመው የመልቀቂያ ሰነድ ላይ ነው። ሰነዱ «ከመድን ሰጪው የሚገባኝን ተቀብያለሁ» የሚል ከሆነ ችግር የለውም። «ከመድን ሰጪውም ሆነ ከመድን ገቢው፣ ከማንኛውም ሌላ ወገን የምጠይቀው የለም» የሚል ከሆነ ግን ተጎጂው በሽፋኑ መጠን ብቻ ቀሪውን ሁሉ ሸጦ ወጣ ማለት ነው። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በወረቀት ላይ ሲታዩ ልዩነታቸው ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ነው።

ገጭቶ ያመለጠው ተሽከርካሪ ካልታወቀ፣ ወይም ቢታወቅም መድን ከሌለው፣ አዋጁ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ፈንዱን በፌዴራል ደረጃ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ያስተዳድረዋል። ከዚህ ለመጠቀም የመጀመሪያው እርምጃ አደጋውን ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማስመዝገብ ነው፤ ያልተመዘገበ አደጋ በኋላ ለማስረዳት ይከብዳል። ድንገተኛ ሕክምናን በተመለከተም አዋጁ የጤና ተቋማት ለአደጋ ተጎጂዎች እስከ ተወሰነ መጠን አስቀድሞ ክፍያ ሳይጠይቁ አገልግሎት እንዲሰጡ ግዴታ ጥሎባቸዋል።

ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ላይ ከሆነ መንገዱ ይለያል። በፋብሪካ፣ በግንባታ ቦታ ወይም በሰፋፊ እርሻ ተቀጥሮ ሲሠራ የተጎዳ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የሚከፈለው የሠራተኛው የ5 ዓመት ደመወዝ ሲሆን ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በመጠኑ ይሰላል። እዚህ ላይ የጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ ሠራተኛው ሕክምናዬን ልጨርስ ብሎ ወራት ሳያሳልፍ ምክር ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለ ጊዜ ከተነሳ፣ ከሥራ ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ያስቀመጠው የይርጋ ጊዜ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ከዚያ የረዘመ የይርጋ ጊዜ ካለው ረጅሙ ጊዜ ይሠራል፤ በዚህ ተማምኖ መዘግየት ግን ብልኅነት አይደለም። የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ ጠብቀው መብታቸው በይርጋ ለክርክር የተጋለጠባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አሽከርካሪው በወንጀል ነጻ ቢባልም እንኳ የካሳው በር አይዘጋም፤ አንቀጽ 2149 እንደሚለው የፍትሐ ብሔር ችሎቱ የወንጀል ችሎቱ በሰጠው የነጻ መለቀቅ ውሳኔ አይገደድም። በተገላቢጦሹም ሰው የሞተበት የወንጀል ጉዳይ በቤተሰቡ ይቅርታ ብቻ የሚዘጋ አይደለም፤ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። የእርቅ ሰነዱ ለተከሳሹ የቅጣት ማቅለያ ሊሆንለት ስለሚችል በቶሎ የሚፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ማወቅ ለሽምግልናው ድርድር በራሱ ጉልበት ይሰጣል።

እንግዲህ ጠበቃው ከየት ይገኛል? በብዙ ከተሞች ፍርድ ቤት አካባቢ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የጥብቅና ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው። ሁለተኛው አቤቱታ ጸሐፊ ነው፤ ማመልከቻ ያዘጋጃል እንጂ በሰው ስም ቆሞ ሊከራከር አይችልም። ሦስተኛው ራሱን «ጉዳይ አስፈጻሚ» የሚል፣ ብዙ ጊዜም በሆስፒታል ግቢና በፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ የሚገኝ ደላላ ነው። እርሱ «እኔ የማውቀው ሰው አለ» እያለ የተጎጂውን ቤተሰብ ይዞ ይሄዳል፤ ከካሳው ላይም ድርሻ ይቆርጣል። ያለ ፈቃድ የጥብቅና ሥራ መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው። ጠበቃ ፈልጎ ያገኘዎት ሰው ማን እንደላከው መጠየቅ ነውር የለበትም።

በክልል ፍርድ ቤቶች ለሚሠሩ ጠበቆች ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የፌዴራል ፈቃድ ይይዛሉ። ይህ አዋጅ ጠበቆች በማኅበር እንዲደራጁና የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙም ፈቅዷል። ለተጎጂው በተግባር የሚጠቅመው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ፈቃድዎ ታድሷል? ጉዳዬ በሚታይበት ፍርድ ቤት፣ ወደ ይግባኝና ወደ ሰበር ቢሄድም፣ ሊቆሙልኝ ይችላሉ?» ትክክለኛ ጠበቃ መታወቂያውን አውጥቶ ለማሳየት አይከፋም። የሚጠራጠር ሰው ስሙን ይዞ ወደ ፍትሕ ቢሮው ወይም በአቅራቢያው ወዳለው የፍትሕ ተቋም ሄዶ ማጣራት ይችላል።

የአካባቢ ጠበቃ የመያዝ ጥቅም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በሰው አካል ላይ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው። አደጋው ደሴ አጠገብ ደርሶ ጠበቃው አዲስ አበባ ካለ፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የጉዞና የአበል ሒሳብ ይጨመራል፤ ቀጠሮም ይተላለፋል። የአካባቢው ጠበቃ የትራፊክ ፖሊሱን መዝገብ የት እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ምስክሮቹን ሊያነጋግር ይችላል፤ አደጋው የደረሰበትን ኩርባ በዓይኑ ሊያይ ይችላል። በአንጻሩ በትናንሽ ከተሞች ያው ጠበቃ የትራንስፖርት ማኅበሩ ወይም የመድን ድርጅቱ ቋሚ አማካሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ከዚህ በፊት ለባለመኪናው ወይም ለመድን ድርጅቱ ቆመው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

በመጀመሪያው ንግግር ላይ ማን ብዙ እንደሚጠይቅ ልብ ይሏል። ጥሩ የካሳ ጠበቃ ስለ ራሱ ዝና ከማውራት ይልቅ ጥያቄ ያበዛል። የፖሊስ የአደጋ ንድፍ ተነሥቷል ወይ? ታርጋው ተመዝግቧል ወይ? ሊብሬው በማን ስም ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ክሱን ሊያፈርስ ይችላል። ብዙ ተሽከርካሪዎች በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ፤ በመዝገብ ላይ ያለው ባለቤትና መኪናውን እያሠራ የሚጠቀመው ሰው የተለያዩ ይሆናሉ። የተሳሳተውን ሰው የከሰሰ ተጎጂ ዓመት ካለፈ በኋላ «ባለቤቱ እኔ አይደለሁም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ንቁ ጠበቃ ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የባለቤትነት ማስረጃ ያስወጣል፤ ክርክሩ ሲጀመርም መኪናው እንዳይሸጥና እንዳይተላለፍ የእግድ ትእዛዝ ይጠይቃል። እግድ ሳይጠየቅ የተገኘ ፍርድ ብዙ ጊዜ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሌላው መለኪያ ጠበቃው የሚሰጠው ተስፋ ነው። «ለሕሊና ጉዳትህ መቶ ሺህ ብር አስፈርድልሃለሁ» የሚል ካጋጠመ መጠንቀቅ ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በማናቸውም ሁኔታ ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ መጠን ከ60 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ ለልጅ ሞት 1 ሺህ ብር ማለት ዛሬ ላይ ስድብ ሊመስል ይችላል፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ሐቀኛ ጠበቃ ይህን አይደብቅም፤ ይልቁንም እውነተኛው ገንዘብ ያለው በቀረ ገቢና በሕክምና ወጪ ላይ መሆኑን ያስረዳል፤ ኃይሉንም በዚያ ላይ ያደርጋል።

የአርሶ አደሩ ጉዳይ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ደመወዝተኛ የደመወዝ ደብዳቤ ያቀርባል፤ ነጋዴ የግብር ደረሰኝ ያቀርባል፤ አርሶ አደሩስ? ገቢውን የሚመዘግብለት ሰው የለም። በመሆኑም ብዙ ጊዜ በክሱ ላይ በግምት አንድ ቁጥር ይጻፍና ተከሳሹ «ማስረጃ የለውም» ብሎ ይጥለዋል። ማስረጃ ግን አለ። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የመሬቱን ስፋት ያሳያል፤ የመሬት መጠቀሚያና የግብርና ገቢ ግብር ደረሰኝ አለ፤ በዚያ አካባቢ ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ጤፍ ወይም በቆሎ እንደሚገኝ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሊጽፍ ይችላል፤ የገበያ ዋጋውን የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ያውቀዋል። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ያስረከበው ምርት ደረሰኝ ካለ ከሁሉም የበለጠ ነው። ከጉዳቱ በኋላ ለተቀጠረ አራሽ የተከፈለው ገንዘብም በጽሑፍና በምስክር ይያዝ። እናቶች በቤትና በጓሮ የሚሠሩት ሥራ ገቢ እንዳልሆነ ተቆጥሮ በክስ ጽሑፎች ውስጥ ሲታለፍ ይታያል፤ ይህም በደል ነው። እርሷ ስትተኛ ያንን ሥራ ለመሥራት ሰው ይቀጠራልና። ማስረጃው ሁሉ ተሟጦ የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ አንቀጽ 2102 ዳኞች ካሳውን በርትዕ እንዲወስኑ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ርትዕ ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከእርሱ የሚጀምር ጠበቃ የቤት ሥራውን አልሠራም።

የሕክምና ማስረጃውም እንዲሁ ነው። የአካል ጉዳቱ ዘላቂ መሆኑንና በመቶኛ ስንት እንደሆነ የሚወስነው የሆስፒታል የሕክምና ቦርድ ነው። ቦርዱ ብዙ ጊዜ ሕክምናው እስኪጠናቀቅ ይጠብቃል፤ ይርጋው ግን አይጠብቅም። ሁለቱን እንዴት እንደሚያስኬድ ጠበቃውን መጠየቅ ይገባል። የመድኃኒት፣ የአልጋ፣ የትራንስፖርትና የአስታማሚ ወጪ ደረሰኞች ሁሉ በአንድ ፖስታ ይቀመጡ። ሰው የሞተ እንደሆነ ቀለብ የተቋረጠባቸው የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች ካሳ መጠየቅ ይችላሉ፤ የጋብቻና የልደት ማስረጃም ያስፈልጋቸዋል። ወንድምና እኅት በዚህ ድንጋጌ ውስጥ አልተጠቀሱም።

ክፍያን በተመለከተ በተግባር ሁለት መንገዶች ይታያሉ፦ ቁርጥ ክፍያ እና ከሚገኘው ካሳ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ክፍያ። ገንዘብ በእጁ የሌለው ተጎጂ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ምርጫው በራሱ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ «20 በመቶ» ተብሎ በቃል መስማማት ነው። 20 በመቶ የምን? ፍርድ ቤቱ 300 ሺህ ብር ፈርዶ ከባለንብረቱ የተገኘው ግን 100 ሺህ ብር ብቻ ቢሆን፣ ከፍርዱ ከታሰበ የጠበቃው ድርሻ 60 ሺህ፣ በእጅ ከገባው ከታሰበ ደግሞ 20 ሺህ ብር ይሆናል። መድን ሰጪው ያለ ክርክር የሚከፍለው ገንዘብ በስሌቱ ውስጥ ይገባል? ይግባኝ ቢጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ አለ? ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ያለው የአፈጻጸም ክርክርስ? የዳኝነት ክፍያ፣ የመጥሪያ ማድረሻና የምስክር አበል የማን ነው? እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ ውል ውስጥ ይግቡ፤ የውሉ አንድ ቅጂም በተጎጂው እጅ ይቅር። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነውን የተማረ ዘመድ ይዞ ይሂድ፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊትም ጮክ ተብሎ ይነበብለት። ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ መቀበል የሚገባው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ የረታ ወገን ከተረታው ወጪና ኪሳራ ሲጠይቅ የጠበቃ ክፍያውንም ማስረዳት አለበት።

ከውሉ ቀጥሎ ውክልና ይመጣል። እዚህ ላይ ሰዎች የተዘጋጀውን ቅጽ ሳያነቡ ይፈርማሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ተወካይ ለመታረቅ ልዩ የውክልና ሥልጣን ያስፈልገዋል። በውክልናው ላይ «ይታረቅልኝ፣ ገንዘብ ይቀበልልኝ» የሚል ቃል ከተጻፈ ጠበቃው ተጎጂውን ሳያማክር ከመድን ድርጅቱ ጋር ሊስማማና ገንዘቡን ሊረከብ የሚችልበት በር ይከፈታል። ይህ ሥልጣን አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ተጎጂው ሩቅ አገር ሕክምና ላይ ከሆነ። ያለበለዚያ ግን ጠበቃው እንዲከራከር ብቻ ወክሎ፣ እርቁን ራስ መፈረምና ካሳው በተጎጂው የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ የተሻለ ነው።

ለጠበቃ መክፈል ፈጽሞ የማይችል ሰውም መንገድ አለው። የፌዴራል ጠበቆች በሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ ተጥሎባቸዋል። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ለሴቶችም የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ ምክር ይሰጣል። አቅም ለሌላቸው ወገኖች የወረዳና የዞን ፍትሕ መሥሪያ ቤቶችም የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት አሠራር አለ። የዳኝነት ክፍያውን መክፈል ያልቻለ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተቀመጠው መሠረት በደሀ ደንብ ክስ እንዲመሠርት እንዲፈቀድለት ያመለክታል፤ ለዚህም የቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይጠየቃል። እንዲሁም ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም ወላጅ ውክልና ይዘው ሊከራከሩ ይችላሉ። ጉዳቱ ቀላል፣ ኃላፊነቱም ያልተካደ ሲሆን ይህ ያስኬዳል፤ ዘላቂ የአካል ጉዳት ወይም ሞት ሲሆን ግን ያለ ባለሙያ መግባት አይመከርም።

ጠበቃ ከተያዘ በኋላ ተጎጂው የመዝገብ ቁጥሩንና የቀጠሮውን ቀን በራሱ እጅ ጽፎ ይያዝ። ቀጠሮዎች ላይ በየጊዜው መገኘት ጠበቃውን አለማመን አይደለም። ጠበቃው በተደጋጋሚ ከቀረ፣ ስልክ ካላነሳ ወይም ተከፍሎት ክሱን ካላቀረበ፣ ውክልናውን በጽሑፍ ሽሮ ፋይሉን ከነዋና ሰነዶቹ መጠየቅ ይቻላል፤ ለፈቃድ ሰጪው አካል የዲሲፕሊን አቤቱታ ማቅረብም እንዲሁ። ሽረቱ ለፍርድ ቤቱም ይድረስ፤ አለዚያ መጥሪያውና ትእዛዙ ለቀድሞው ጠበቃ መድረሳቸው ይቀጥላል። ዋናዎቹ ሰነዶች ጠበቃው ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት ሁሉም ፎቶ ኮፒ ተደርገው በቤት ቢቀመጡ ይህ ሁሉ ይቀላል፤ በተለይም የሕክምና ቦርዱ ውሳኔ እና የፖሊሱ የአደጋ ንድፍ።